የአስካለ መስኮትና የሐይቅ ዳር አቧራ

ከመጀመሬ በፊት በትክክል ስሙኝ። መስኮቱ ሁለት መዝጊያ አለው፤ አንድ አይደለም። የሚከፈተው ወደ ሐይቁ ነው፤ ወደ መንገዱ አይደለም። የታመመችው ባለቤቴ ወይዘሮ አስካለማርያም ናት፤ ጎረቤቴ አይደለችም። ቀኑ ሐሙስ ነው። ዓርብ እያላችሁ የምታወሩትን ሰምቻለሁ፤ ተሳስታችኋል። ይህ ነገር እንደ ሰንሰለት የተያያዘ ስለሆነ፣ አንዲት ቀለበት የጣለ ሰው ሁሉንም ይጥላል፤ የጣለውንም እኔ ጎንበስ ብዬ አላነሣለትም።

ስሜ ወንድይራድ ነው። ዐሥራ ሁለተኛ ክፍልን የጨረስሁ፣ በማዘጋጃ ቤት የመንገድ ውሃ ርጭት ኃላፊ ሆኜ ሃያ ስምንት ዓመት ያገለገልሁ ሰው ነኝ። ከተማችን በስምጥ ሸለቆ ውስጥ፣ ውሃው ዓመት በዓመት ከሚሸሽ ሐይቅ ዳር ናት። ሐይቁ ሲሸሽ ነጭ አፈሩን ትቶልን ሄደ። ከብት ሲያገኘው ይልሰዋል፤ ነፋስ ሲያገኘው ያነሣዋል። እኔ ደግሞ ነፋስ እንዳያገኘው አደርጋለሁ። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ በሰፈራችን ደንብ አወጣሁ፦ እያንዳንዱ ቤት ጠዋት ሁለት ጆግ፣ ከሰዓት በኋላ ሁለት ጆግ ውሃ በደጁ ይረጫል። ከሰፈራችን ትይዩ ያለውን የሐይቅ ዳር ደግሞ እኔ ራሴ በአህያ ጋሪ በርሜል ጭኜ ጠዋትና ማታ አረጥበዋለሁ። በሰፈራችን አቧራ ተነሥቶ አያውቅም። ይህን የምናገረው ለመመካት አይደለም፤ እውነት ስለሆነ ነው።

እንግዲህ በዚያ ሐሙስ ጠዋት፣ ሳል ይዟት ሦስት ሳምንት የተኛችው አስካለ ከአልጋዋ ቀና አለችና፣ «ወንድዬ፣ መስኮቱን ክፈትልኝ» አለችኝ። «ይህን የክፍል አየር ስስበው ስመልሰው ሰለቸኝ። አንድ ጊዜ ብቻ የውጭ አየር ልሳብ። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

ትንሽ ነገር ነው የጠየቀችው። ሄጄ መቀርቀሪያውን ያዝሁ። መስኮቱ ግን «አልከፈትም» አለ።

መስኮት ይናገራል ወይ ብላችሁ አታቋርጡኝ። ተናገረ። «ውጭ ያለው አየር ኮምጣጣ ሆኗል» አለኝ። «ያለቻትን ጉሮሮ ይቧጥጥባታል። እኔ የተሠራሁት ለአየር ነው፤ ለሆምጣጤ አልተሠራሁም። አየሩ ይጥራና እከፈታለሁ።»

መስኮት አልከፈትም አለ፤ አስካለም አየር አጣች።

ቆቤን አድርጌ ወጣሁ። በግቢው መካከል ቆሜ፣ «አየር! ጥራ!» አልሁት፤ የበታች ሠራተኛ እንደማዝዝበት ድምፅ።

«አልጠራም» አለ አየር። «ለመሆኑ ምን እንደሆንሁ ታውቃለህ?»

«መጀመሪያ 'አንተ' አትበለኝ» አልሁት። «ሁለተኛም አውቃለሁ። ከመቶው ሰባ ስምንቱ እጅ ናይትሮጅን፣ ሃያ አንዱ እጅ ኦክስጅን ነህ። ዘጠነኛ ክፍል ተምሬሃለሁ።»

«ይቅርታ፣ እርስዎ። የቀረችው አንዲት እጅስ?»

«እሷ ትንሽ ናት። ለፈተናም አልመጣችም።»

«እኔ የታመምሁት በዚያች በትንሿ ነው» አለ አየር። «ሰባ ስምንቱም ደኅና ነው፣ ሃያ አንዱም ደኅና ነው። በቀረችው ላይ ግን ጭስ ገባባትና አኮመጠጠኝ። ጭሱ ይልቀቀኝና እጠራለሁ።»

ለካስ መምህራችን ያለፉት ገጽ ኖሯል። ይህ ትንሽ አስደነገጠኝ፤ ግን አላሳየሁም።

አየር አልጠራም አለ፤ መስኮት አልከፈትም አለ፤ አስካለም አየር አጣች።

ጭሱ የማን እንደሆነ የማያውቅ የለም። ከከተማው ጫፍ ባለው የጡብ ምድጃ ነው የሚወጣው፤ የምድጃው ጠባቂ ሸምሱ ይባላል። ሲያየኝ ከሩቁ ሳቀ።

«ጋሽ ወንድይራድ! መንገዱን ጨርሰው ዛሬ ምድጃዬን ሊረጩት መጡ?»

«ጭስህን ሰብስብ» አልሁት። «ባለቤቴ መተንፈስ አልቻለችም።»

ሳቁን ወዲያው ተወ። «እግዜር ይማርልን። ግን ምድጃውን ካጠፋነው አራተኛ ቀናችን ነው። እጅዎን ያስገቡበት፤ በረዶ ነው። ከማጥፋታችን በፊት የወጣው ጭስ ነው ከላይ ተኝቶ የቀረው። እኔንም ዐይኔን አጠፋኝ፤ ይኸው ሽንኩርት እንደሚልጥ ሰው አለቅሳለሁ።»

እጄን አስገባሁ። እውነትም ቀዝቅዟል። ቀና ብዬ ሳይ ጭሱ በሸለቆው ላይ እንደ ቡላ ጋቢ ተዘርግቷል።

«አንተ ጭስ፣ ልቀቅ!»

«አልለቅም» አለ ጭስ። «ከድንጋይ ከሰሉ ውስጥ ድኙን ተሸክሜ ወጣሁ፤ ድኙም በአየሩ ውስጥ እየዋለ እያደረ ኮመጠጠ። ይህ ሸለቆ እንደ ድስት ነው። ነፋስ ቢመጣ ከዳር ዳር ያማስለኛል እንጂ አያወጣኝም። እኔን የሚያጥበኝ ዝናብ ብቻ ነው። ዝናብ ይውረድና እለቃለሁ።»

ጭስ አልለቅም አለ፤ አየር አልጠራም አለ፤ መስኮት አልከፈትም አለ፤ አስካለም አየር አጣች።

ወደ ሰፈር ተመለስሁና በመንገዱ መካከል ቆሜ ወደ ላይ ተጣራሁ። ጎረቤታችን ወይዘሮ ዘርፌ የጠዋት ጆጓን ይዛ በደጇ ስትረጭ ነበር።

«ጋሽዬ፣ ከማን ጋር ነው የሚነጋገሩት?»

«ከዝናብ ጋር።»

«እንዴ! ታዲያ እግረ መንገድዎን የኔን ጎመን ይንገሩልኝ። ጠውልጎ ጠውልጎ ጆሮው ወድቋል።»

«ዝናብ፣ ውረድ!» ብዬ እንደገና ወደ ላይ ተጣራሁ። ዝናብ መለሰ፤ ከሩቅ፣ በቀጭን ድምፅ። «አልወርድም» አለ። «እኔ ገና ዝናብ አልሆንሁም። በደመና ውስጥ የተበተንሁ እርጥበት ነኝ፤ ለዐይን እንኳ አልሞላም። ደመና ጠብታ አድርጎ ይቋጥረኝና እወርዳለሁ።»

ዝናብ አልወርድም አለ፤ ጭስ አልለቅም አለ፤ አየር አልጠራም አለ፤ መስኮት አልከፈትም አለ፤ አስካለም አየር አጣች።

ደመናው በተራራው ትከሻ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ወፍራም፣ የሠራ የሚመስል፣ ምንም ያልሠራ።

«ደመና፣ እርጥበቱ በእጅህ ነው። ቋጥረውና ልቀቀው።»

«አልቋጥርም» አለ ደመና። «በምን ላይ ልቋጥረው? እርጥበት በባዶ አየር ላይ አይቋጠርም። የሚይዘው ነገር ይፈልጋል፤ አንዲት ቅንጣት፣ አንዲት ጥቃቅን ነገር። አቧራ ስጡኝ።»

«ምን?»

«አቧራ።»

«ለእኔ ነው አቧራ ስጡኝ የምትለው?»

«ያውም ያን የሐይቁን ነጭ አቧራ። ብቻውን ሲሆን ውሃ ብዙ አይወድም። ሲወጣ በጭሱ ውስጥ ይለፍ፤ ከኮምጣጣው ይቅመስ። ኮምጣጣ የቀመሰ የሐይቅ አቧራ እርጥበት ሲያይ አይለቅም፤ እላዩ ላይ ይሰበስበዋል። ያን ጊዜ እቋጥራለሁ።»

እዚህ ላይ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ነገሩ ተምታታብኝ። እኔ የማውቀው አቧራ አየርን ሲያቆሽሽ ነው። አሁን አቧራ የጭስን ኮምጣጣ ይበላል፣ የበላው ደግሞ ዝናብ ይሆናል ተባልሁ። ሁለት ጊዜ ከራሴ ጋር ደገምሁት፤ ሁለቱንም ጊዜ በሌላ በር ወጣ።

ደመና አልቋጥርም አለ፤ ዝናብ አልወርድም አለ፤ ጭስ አልለቅም አለ፤ አየር አልጠራም አለ፤ መስኮት አልከፈትም አለ፤ አስካለም አየር አጣች።

ወደ ሐይቁ ዳር ወረድሁ። ነጩ አፈር በጠዋቱ ውሃዬ ርሶ፣ አርፎ ተኝቷል። ከዚህ በፊት ደስ እያለኝ ነበር የማየው። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ሰው እንዳይሰማኝ ግራና ቀኝ አይቼ፣ «ተነሥ» አልሁት።

«አልነሣም» አለ አቧራ።

«ስትከለከል ትነሣለህ፣ ስትለመን ትተኛለህ!»

«ጌታዬ፣ እኔ መቼ በራሴ ተነሥቼ አውቃለሁ? ነፋስ ያነሣኝና እነሣለሁ። ደግሞም ቀድሜ ልንገርዎ፤ መልአክ አይደለሁም። ስነሣ ሰው አስላለሁ፣ ዐይን እሞላለሁ፣ የተሰጣ ልብስ አበላሻለሁ። ዝናብ እስኪመጣ ባለቤትዎን ከእኔ ይጠብቁ። እኔ አንድ ነገር አይደለሁም።»

ከዚህ ሁሉ ያስቸገረኝ ይህ ንግግሩ ነው። ጠላት ነኝ ቢል እዋጋዋለሁ፤ ወዳጅ ነኝ ቢል አላምነውም። ሁለቱንም ሲል ምን ይደረጋል?

አቧራ አልነሣም አለ፤ ደመና አልቋጥርም አለ፤ ዝናብ አልወርድም አለ፤ ጭስ አልለቅም አለ፤ አየር አልጠራም አለ፤ መስኮት አልከፈትም አለ፤ አስካለም አየር አጣች።

ነፋስ ከሐይቁ ላይ ይመላለስ ነበር፤ ሥራ እንደሌለው ሰው፣ እጁን ወደ ኋላ አድርጎ።

«ነፋስ፣ አቧራውን አንሣው።»

«አላነሣም» አለ ነፋስ። «ሞክሬ ታክቶኛል። ሽቅብ ልወስደው ስጠጋ ርጥብ ሆኖ ይጠብቀኛል። ርጥብ አፈር ድንጋይ ማለት ነው። አንድ ሰው አለ፤ ጠዋት በርሜል ይዞ ይመጣል፣ ማታ በርሜል ይዞ ይመጣል። እሱ መርጨቱን ይተውና አነሣለሁ።»

«ማን ነው ሰውየው? ስሙን ንገረኝ፤ እኔ አነጋግረዋለሁ።»

«ስሙን አላውቅም። ቆብ ያደርጋል። ሽማግሌ ነው፤ ሲሄድ ግን ወገቡ አይጎብጥም። አህያው ነጭ እግር አለው።»

ሰውየው ከኋላዬ እየመጣ እንደሆነ ብዬ ዞር አልሁ። ከኋላዬ ማንም አልነበረም። ነጭ እግር ያለው አህያዬ ብቻ ቆሞ ያየኝ ነበር።

«እኔ መርጨቴን አልተውም» አልሁ።

ይኸው፣ አሁን በትክክል ያዙት። ወንድይራድ አልተውም አለ፤ ነፋስ አላነሣም አለ፤ አቧራ አልነሣም አለ፤ ደመና አልቋጥርም አለ፤ ዝናብ አልወርድም አለ፤ ጭስ አልለቅም አለ፤ አየር አልጠራም አለ፤ መስኮት አልከፈትም አለ፤ አስካለም አየር አጣች።

ቤት ስገባ አስካለ በሁለት ትራስ ተደግፋ ጠበቀችኝ። ከንፈሯ ወደ ሰማያዊ ያደላ መሰለኝ፤ ያን ሳይ ቆቤን ማውለቅ ረሳሁ። ሁሉንም ከመጀመሪያው ነገርኋት። ስጨርስ ሳቀች፤ ሳቋ ሳል ሆነ፤ ሳሉ አልቆም አለ። ውሃ ሰጠኋት።

«ታዲያ ሰውየውን አነጋገርኸው?» አለችኝ፤ ትንፋሽ ስታገኝ።

«አትቀልጂ። አቧራ ኮምጣጣ ይበላል ይሉኛል። እንዲህ ያለ ነገር ሰምተሽ ታውቂያለሽ?»

«ከጫማህ ላይ ያንን ነጭ ጭቃ ፋቀውና በሳህን አድርግልኝ።»

ፋቅሁ። ለሳሏ ሻይ ተቆርጦ የተቀመጠ ሎሚ ከአጠገቧ ነበር። አነሣችና በጭቃው ላይ ጨመቀችው። ጭቃው ሽሽ ብሎ አረፋ አወጣ፤ እንደ ጠጅ ፈላ። አረፋው እስኪበርድ ሁለታችንም ጎንበስ ብለን አየነው።

«ቅመሰው» አለች።

«አልቀምስም።»

«ቅመስ፣ አንተ ሰው! ሎሚ ነው።»

በጣቴ ጫፍ ቀመስሁ። ጨው ጨው ይላል፤ ትንሽም ይመርራል። ኮምጣጣነቱ ግን የለም።

«የት ሄደ ሎሚው?» አለችኝ።

«ይህ ሳህን ነው፤ ሰማይ አይደለም።»

«ሰማዩ ትልቅ ሳህን ነው በልና ተቀመጥ። ዛሬ ከሰዓት በኋላ አትርጭ።»

ተቀመጥሁ። ቀጥሎ የተናገርሁትን በዝግታ ነው የተናገርሁት። «አስካለ፣ ሃያ ስምንት ዓመት የረጨሁት ሰው እንዳያስለው ነው። አቧራው ተነሥቶ በስንጥቁ ቢገባብሽና ቢያፍንሽስ? ዝናቡ ባይመጣስ? በእጄ ገደልኋት ማለት አይደለም?»

እጄን ያዘችኝ። «እንዲህም ሆኜ እየታፈንሁ ነው፣ ወንድዬ። ሃያ ስምንት ዓመት ለመንገዱ ረጨህ። አንድ ቀን ለእኔ ሳትረጭ ዋል።»

ከአጠገቧ ተነሣሁ። አንሶላ ቀድጄ አራስሁና የመስኮቱን ስንጥቅ፣ የበሩን ሥር፣ የቁልፉን ቀዳዳ ሳይቀር ደፈንሁ። ከዚያ ወንበሬን አውጥቼ በደጄ ተቀመጥሁ። ወይዘሮ ዘርፌ የከሰዓት ጆጓን ይዛ ብቅ አለች።

«ጆጉን አስቀምጪ» አልኋት።

«ምን አሉኝ?»

«ዛሬ ርጭት የለም። ለሰፈሩም ንገሪ። ልብስሽንም ከገመድ አውርጂ።»

ጆጓን አስቀመጠችና ቀረብ ብላ ግንባሬን በእጇ ጀርባ ነካች። «ጋሽዬ፣ አሞዎታል እንዴ? እኔን እኮ አንድ ቀን ባልረጭ ከዕድር ላስወጣሽ ያሉ ሰው ነዎት።»

«ብዬ ነበር። አሁን ደግሞ ይህን እላለሁ።»

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን የሐይቁ ዳር ከዳርቻው መንጣት ጀመረ። ርጥቡ ቡናማ እየጠበበ፣ ደረቁ ነጭ እየሰፋ ሄደ። ደረቁ አንድ ክንድ በሰፋ ቁጥር ከወንበሬ ልነሣ ይዳዳኝ ነበር። ከዚያ ነፋስ መጣ። መጀመሪያ አንድ ቀጭን ነጭ ክር አነሣ። ቀጥሎ ዐሥር። ቀጥሎ ዳሩ በሙሉ ተነሥቶ እንደ መጋረጃ ቆመና ወደ እኛ መጣ፤ ሐይቁን ሸፈነው፣ የዘርፌን ቤት ሸፈነው፣ አህያዬንም ሸፈነው። ፀሐይ እንደ ጨረቃ ገረጣች።

ከቤት ውስጥ ሳሏ ተሰማኝ። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ ከዚያ ሳይቋረጥ። ተነሥቼ ወደ በርሜሉ ሮጥሁ። መሮጥ አልወድም፤ ሮጥሁ። የበርሜሉን ቧንቧ ስይዝ ግድግዳው ከውስጥ በቡጢ ተመታ።

«ወንድዬ! ተቀመጥ!»

«እያሳለሽ ነው እኮ!»

«ተቀመጥ አልሁህ!»

ቧንቧውን ለቀቅሁ። ተቀመጥሁ። ወገቤን አቀናሁ፤ ዐይኔን ጨፈንሁ። አቧራው በአፌ ገባ፤ የጠላቴን ጣዕም ያን ያህል ሰዓት ቀምሼው አላውቅም።

ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም። በግንባሬ ላይ አንድ ነገር ጠብ አለ። በእጄ ጠርጌ አየሁት፤ ነጭ ጭቃ ነው። ሌላ ጠብ አለ። በቆቤ ላይ፣ በጉልበቴ ላይ፣ በዘርፌ ቆርቆሮ ላይ። ከዚያ ቆጠራ አልተቻለም።

ወንድይራድ ሳይረጭ ዋለ፤ ነፋስ አቧራውን አነሣ፤ አቧራ ወደ ጭሱ ገባ፤ የጭሱን ኮምጣጣ በላ፤ ኮምጣጣ የበላው ወደ ደመና ወጣ፤ ደመና በላዩ ጠብታ ቋጠረ፤ ዝናብ ወረደ፤ ጭስ ታጠበ፤ አቧራውም አብሮ ወረደ፤ አየር ጠራ፤ መስኮት፣ ሳልነካው ማለት ይቻላል፣ ሁለቱንም መዝጊያ ከፈተ።

ዝናቡ ሲያባራ አስካለን ደግፌ ከመስኮቱ አጠገብ በወንበር አስቀመጥኋት። ክርኗን በመስኮቱ ደፍ ላይ አኖረች። አንድ ጊዜ በዝግታ ሳበች። ጠበቅሁ። አላሳላትም። እንደገና ሳበች፤ ረጅም፣ እስከ ታች የሚደርስ ትንፋሽ። ከንፈሯ ቀላ። ከማዶ ዘርፌ፣ «ጋሽዬ፣ ጎመኔ ተነሣ! ልብሴን ግን ጭቃ አደረጉብኝ፤ እርስዎ ያጥቡታል!» እያለች ትጮሃለች። አስካለ ሳቀች፤ ሳቋም ሳቅ ብቻ ሆኖ ቀረ።

«በል እንግዲህ፣ አቧራውን አመስግነው» አለችኝ።

ዝናቡን አመሰገንሁ። ነፋሱን አመሰገንሁ። ደመናውን፣ ቅር እያለኝም ቢሆን፣ አመሰገንሁ። ሸምሱን እንኳ ምድጃውን ስላጠፋ አመሰገንሁት። የሆነውን ሁሉ በዐይኔ አይቻለሁ፤ አንዱንም አልክድም። አቧራ ባለውለታዬ ነው መባሉን ግን አልተቀበልሁም።